ፓምፑን ከማሳደግ በፊት፦ የጥልቅ ውሃ ጉድጓድ ክፍሎች እንዴት እንደሚሠሩ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ በአንድ ግቢ የሚኖሩ 14 አባወራዎች ከአራት ዓመት በፊት ገንዘብ አዋጥተው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጉድጓዱ ሁለት ዓመት ያህል ያለ እንከን አገለገላቸው። አሁን ግን ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ አሸዋ ያወጣል፣ ከዚያ ውሃው ይጠራል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ደግሞ ራሱን ያጠፋል፤ ሁለት ሰዓት ካረፈ እንደገና ይነሣል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሮቶው ላይ 3,000 ሊትር ገደማ ይጨመራል። ፓምፕ የሚሸጥ ሰው አይቶት «አቅሙ ስላነሰ ነው፣ እጥፍ የሚያወጣውን ግዙ» ብሏቸዋል። የግቢው ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ የሆኑት ጠያቂ ብሩን ከማውጣታቸው በፊት ከመሬት በታች ያለው ነገር ምን እንደሆነና እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ እንዳብራራላቸው ጠይቀዋል፤ ቆፋሪዎቹ ትተውላቸው የሄዱትንም ወረቀት ቃል በቃል ገልብጠው ልከውልኛል።

ውድ ጠያቂ፣ መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ትልቁን ፓምፕ አይግዙ። ፓምፑ የጉድጓዱ አንድ ክፍል ነው፤ ያውም በቀላሉ ወጥቶ የሚለወጠው ክፍል። ጉድጓዱን ጉድጓድ የሚያደርጉት ግን ከተቀበሩ በኋላ ማንም የማያያቸው ቱቦ፣ ወንፊት፣ ጠጠርና ሲሚንቶ ናቸው። እርስዎ የጻፉልኝ ምልክቶች በሙሉ የሚያመለክቱት ወደ እነዚህ ነው። እነርሱ በታመሙበት ጉድጓድ ላይ የፓምፕ ጉልበት መጨመር በሽታውን ያባብሰዋል። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ውሃው ከሚመጣበት ልጀምር።

ድሬዳዋ የምትጠጣው ውሃ አብዛኛው ከተማዋ ላይ የዘነበ አይደለም። በስተ ደቡብ በደንገጎ ተራራና ከዚያ ወዲያ ባለው ደጋ ላይ የሚጥለው ዝናብ ከፊሉ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ይሰርጋል፤ ከፊሉ ደግሞ ክረምት ላይ እንደ ደቻቱ ባሉ ደረቅ ወንዞች ሲወርድ በአሸዋው ውስጥ ይጠፋል። እኛ ከታች በሜዳው ላይ የምንቆፍረው ይህንን ለዘመናት የተጠራቀመ ውሃ ለማግኘት ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ሐይቅ ወይም ወንዝ እንደሆነ አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ አስተሳሰብ ጉድጓድን በተመለከተ ለሚፈጠረው ስሕተት ሁሉ መነሻ ስለሆነ ቢተዉት እመርጣለሁ። ውሃው በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍተትና በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተሞልቶ በጣም በዝግታ የሚንቀሳቀስ ነው። ጉድጓድ የሚሠራው ያ ዝግተኛ ውሃ አሸዋውን ይዞ ሳይመጣ ብቻውን የሚገባበትን በር መክፈት ነው።

ወረቀትዎ ላይ ያለው ቁፋሮ 10 ኢንች ስፋት፣ 118 ሜትር ጥልቀት አለው። በውስጡ የወረደው ኬሲንግ፣ ማለትም የጉድጓዱን ግድግዳ ደግፎ የሚይዘው ቱቦ፣ ባለ 6 ኢንች ፒቪሲ ነው። የስፋቱ ልዩነት በዘፈቀደ የተተወ አይደለም፤ በቱቦውና በቁፋሮው ግድግዳ መካከል ዙሪያውን አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት የሚተወው ማጣሪያ ጠጠር እንዲሞላበት ነው። ኬሲንጉ ውሃ አያስገባም። ውሃ የሚገባው በስክሪኑ ነው፤ ስክሪን ማለት ገላው ላይ በቀጭን በቀጭኑ የተሰነጠቀ የኬሲንጉ ቁራጭ ሲሆን ውሃ ባለው የአፈር ወይም የዓለት ንጣፍ ትክክል ይቀመጣል። የእርስዎ ወረቀት ስክሪኖቹን ከ72 እስከ 78፣ ከ84 እስከ 96 እና ከ102 እስከ 111 ሜትር ያስቀምጣቸዋል። በመካከላቸው ያሉት ድፍን ቱቦዎች ውሃ የማይሰጠውን የሸክላ ንጣፍ ይሸፍናሉ። ከ111 እስከ 118 ያለው ድፍን ክፍል ደግሞ ከታች የተደፈነ ሲሆን የሚያመልጥ ደለል የሚጠራቀምበት ቋት ነው። ይህን ያህል ዝርዝር የጻፉ ቆፋሪዎች በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባቸዋል፤ «118 ሜትር፣ 2 ሊትር» ብቻ ተጽፎበት የሚሰጥ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ።

በስክሪኑና በቁፋሮው ግድግዳ መካከል የሚሞላው ጠጠር፣ ባለሙያዎቹ ግራቭል ፓክ የሚሉት፣ በእኔ ፍርድ ከሁሉም ክፍል ይልቅ የሚናቀውና ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ነው። ጥሩ ጠጠር ክብ ክብ ያለ፣ የታጠበ፣ መጠኑ ተመሳሳይና ጠንካራ ነው፤ ለተለመደው ስክሪን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያለው ይመረጣል። ጠጠሩ ከስክሪኑ ስንጥቅ ስለሚበልጥ አይገባም፤ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ትንሽ ስለሆነ የንጣፉን አሸዋ ያስቆማል። እንግዲህ አሸዋውን የሚያግደው ጠጠሩ፣ ጠጠሩን የሚያግደው ስክሪኑ ነው ማለት ነው። በዚህ ቦታ ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መጨመር፣ አለዚያም ከደረቅ ወንዝ ተዝቆ ያልተነፋ የግንባታ አሸዋ መሙላት በአካባቢያችን የማየው ጥፋት ነው። የተፈጨ ድንጋይ ጥጉ ሹል ስለሆነ እርስ በርሱ ይቆላለፍና መሐል ላይ ባዶ ቦታ ትቶ ይንጠለጠላል፤ ከጊዜ በኋላ ሲናድ አሸዋው ስክሪኑን በቀጥታ ያገኘዋል። ያልተነፋው አሸዋ ደግሞ ራሱ በስክሪኑ ይገባል።

ጠጠሩ ከተሞላ በኋላ ጉድጓዱ መታጠብ አለበት፤ በሥራው ቋንቋ ዴቨሎፕመንት የሚባለው ይህ ነው። ከኮምፕሬሰር አየር ወደ ጉድጓዱ ይነፋል፣ ውሃው ይናጣል፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይመላለሳል፤ በቁፋሮው ጊዜ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጭቃ ይለቃል፣ ከስክሪኑ አጠገብ ያለው ደቃቅ አሸዋ ይወጣል፣ ሻካራው ይቀራል። ይህ ሥራ በትዕግሥት ከተሠራ ውሃው አሸዋ አልባ እስኪሆን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። ማሽኑ በሰዓት ስለሚከፈልበት ግን ውሃው ትንሽ ሲጠራ «በቃ» ይባላል። ያልታጠበ ጉድጓድ እጥበቱን በባለቤቱ ፓምፕና በባለቤቱ ሮቶ ላይ ይጨርሳል። እርስዎ ሮቶው ሥር ያገኙት አሸዋ ቢያንስ በከፊል ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወረቀቱ ላይ ትኩረቴን ወደ ሳበው ነገር ልምጣ። ፓምፑ የተንጠለጠለው 90 ሜትር ላይ ነው። ስክሪኑ ከ84 እስከ 96 ነው። ይህ ማለት ፓምፑ በስክሪኑ መሐል፣ ልክ በበሩ ፊት ቆሟል። ፓምፕ በዚያ ሲቆም አጠገቡ ባለው አጭር የስክሪን ክፍል ላይ ውሃው በኃይል ይሳባል። የባለሙያዎች ልምድ ውሃው በስክሪኑ ስንጥቅ የሚያልፍበት ፍጥነት በሰከንድ ከ3 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ ካለፈ አሸዋ ማንሣት ይጀምራል። ስለዚህ ሌላው ስክሪን ሥራ ፈትቶ ሳለ ያቺ አንዲት ሜትር የሁሉንም ሸክም ትሸከማለች፤ ጠጠሩም በዚያ ቦታ ይታወካል። ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚታየው አሸዋ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ቆሞ የነበረው ውሃ በድንገት ሲነቃነቅ ጠጠሩ ይናወጣል፣ ሲረጋጋ ይጠራል። አሸዋው ሳያቋርጥ ቢወጣ ኖሮ ስክሪኑ ተሰንጥቋል ብዬ እፈራ ነበር።

የፓምፑ ቦታ ሌላም መዘዝ አለው። ሰብመርሲብል፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራ ፓምፕ፣ ሞተሩ ከታች፣ ፓምፑ ከላይ ሆኖ የተገጠመ አንድ ረጅም ሲሊንደር ነው፤ ውሃ የሚገባው በሁለቱ መካከል ባለው ወንፊት ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በጎኑ ሽቅብ የሚያልፈው ውሃ ራሱ ነው። ፓምፑ ከስክሪኖቹ ሁሉ በላይ ሲንጠለጠል ውሃው ከታች መጥቶ ሞተሩን እያጠበ ያልፋል። በስክሪን መሐል ሲሆን ግን ውሃው ከጎን ወደ ፓምፑ አፍ በቀጥታ ይገባና ሞተሩ በቆመ ውሃ ውስጥ ይግላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጉድጓድ ያወጣነው ሞተር ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ሽቦው ከሰል ሆኖ ነበር፣ ፓምፑ ግን አዲስ ይመስል ነበር። ባለቤቶቹ ጥፋቱን በመብራት መዋዠቅ ላይ ጥለው ነበር፤ ምክንያቱ ግን የተንጠለጠለበት ጥልቀት ብቻ ነበር።

ወደ ግማሽ ሰዓቱ ልመለስ። ወረቀትዎ ሁለት የውሃ ከፍታዎችን ይዟል፦ ስታቲክ 42 ሜትር፣ ዳይናሚክ 61 ሜትር። ስታቲክ ማለት ፓምፑ አርፎ ውሃው የሚተኛበት ጥልቀት ነው። ዳይናሚክ ደግሞ ፓምፑ በሰከንድ 2 ሊትር እያወጣ ለብዙ ሰዓት ሲሠራ ውሃው ወርዶ የሚረጋበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 19 ሜትር ጉድጓዱ ለ2 ሊትር የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ ውሃው ከንጣፉ ወደ ውስጥ እንዲገባ የሚገፋው ይህ የከፍታ ልዩነት ነውና። ዛሬ ደግሞ ፓምፑ ራሱን ሲያጠፋ ያስቆመው ከፓምፑ በላይ በጥቂት ሜትር የተንጠለጠለው ኤሌክትሮድ ነው፤ ውሃው ከእርሱ በታች ሲወርድ ደረቅ እንዳይሠራ ያጠፋዋል። እንግዲህ ዱሮ 61 ላይ ይረጋ የነበረው ውሃ ዛሬ ወደ 85 ሜትር አካባቢ ይወርዳል ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት ካገኛችሁት 3,000 ሊትር ውስጥ በቱቦውና በጠጠሩ ክፍተት ተጠራቅሞ የነበረው 1,000 ሊትር ገደማ ነው። የቀረው 2,000 ሊትር በ30 ደቂቃ ከንጣፉ የገባ ነው፤ በሰከንድ 1 ሊትር ከጥቂት በላይ ይሆናል። ጉድጓዱ አልሞተም። በሩ ግን ጠቧል፤ አለዚያም ውሃው ራሱ ሸሽቷል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ወደ እርሱ ከመሄዴ በፊት ግን በሩ ለምን እንደሚጠብ ልግለጽ።

የድሬዳዋ ሰው ሁሉ የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር ያውቃል። ያ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ኖራ ነው። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይይዛል፤ በጋዙ ኃይል የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይጓዛል። ጋዙ አብሮት እስካለ ድረስ ኖራው ሟሙቶ ይቆያል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሙቀቱ ጋዙን ያባርረዋልና ኖራው ይጋገራል። በጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ሙቀት የለም፤ ጋዙን የሚያስለቅቀው የግፊት መቀነስ ነው። ውሃው ከመሬት ውስጥ ካለው ግፊት ወጥቶ በስክሪኑ ስንጥቅ ሲገባ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፣ ጋዙ ይወጣል፣ ኖራውም እዚያው በጠጠሩና በስንጥቁ ላይ ይቀመጣል። ስንጥቁ ሲጠብ ያንኑ ያህል ውሃ ለማግኘት ፓምፑ የውሃውን ደረጃ ይበልጥ ማውረድ ይኖርበታል፤ ደረጃው ይበልጥ ሲወርድ ግፊቱ ይበልጥ ይወድቃል፤ ግፊቱ ይበልጥ ሲወድቅ ኖራው ይበልጥ ይጋገራል። በሁለት ዓመት ቀስ እያለ የመጣ ነገር በመጨረሻዎቹ ወራት በፍጥነት እንዲባባስ የሚያደርገው ይህ ዙር ነው። በእናንተ ጉድጓድ ደግሞ ውሃው ወደ 85 ሲወርድ ከ72 እስከ 78 ያለው ላይኛው ስክሪን ሙሉ በሙሉ አየር ላይ ይቀራል፤ እርጥብ ሆኖ አየር የሚነካው ስክሪን ከሁሉም ቀድሞ ይደፈናል።

እንግዲህ እጥፍ የሚያወጣ ፓምፕ ገባ እንበል። ጉድጓዱ አዲስ ሳለ ለ2 ሊትር 19 ሜትር ከወረደ፣ ለ4 ሊትር ቢያንስ 38 ሜትር ይወርድ ነበር፤ እንዲያውም በስክሪኑ አጠገብ ያለው ሰበቃ ከፍሰቱ ጋር በእጥፍ ብቻ ሳይሆን በአራት እጥፍ ስለሚያድግ ከዚያም በላይ ይወርዳል። 42 ላይ 38 ሲጨመር 80 ሜትር ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ በጤናው ዘመኑ እንኳ ያንን ፓምፕ ቢሸከም ላይኛው ስክሪኑ ይራቆት ነበር። ዛሬ፣ በሩ በጠበበበት ሁኔታ፣ ትልቁ ፓምፕ በግማሽ ሰዓት ፈንታ በጥቂት ደቂቃ ጨርሶት ይቆማል። ከዚህ የባሰም አለ። ስክሪኑ ተደፍኖ ሳለ ውስጡ በፍጥነት ሲራቆት ውጭ ያለው ውሃ ተከትሎ ለመውረድ ጊዜ አያገኝም። በውጭና በውስጥ መካከል 40 ሜትር ልዩነት ቢፈጠር ቱቦው ላይ 4 ባር የሚያህል ግፊት ወደ ውስጥ ይጫናል። ፒቪሲ ኬሲንግ ግድግዳው ስስ ከሆነ በዚህ ዓይነት ሁኔታ ይጨመደዳል፤ የተጨመደደ ኬሲንግ ደግሞ ፓምፑን ይዞ ያስቀራል፣ ጉድጓዱም በዚያው ያከትማል።

የፓምፕን መጠን የሚወስነው የጉድጓዱ ጠባይ እንጂ የገዢው ፍላጎት አይደለም። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ውሃው ከዳይናሚክ ደረጃ 61 ሜትር ይነሣል፤ ሮቶው ያለበት ማማ 12 ሜትር ቢሆንና በቧንቧው ውስጥ ለሚጠፋው 4 ሜትር ቢታሰብ በጠቅላላው 77 ሜትር ነው። በሰከንድ 2 ሊትር ወደ 77 ሜትር ለማንሣት ውሃው ራሱ 1.5 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ የፓምፑና የሞተሩ ብቃት ተዳምሮ ግማሽ ገደማ ስለሚሆን 3 ኪሎ ዋት፣ በገበያው አነጋገር 4 የፈረስ ጉልበት፣ ይበቃል። አሁን ያለው ፓምፓችሁ ይህንኑ የሚያህል ከሆነ ጥፋቱ በመጠኑ ላይ አይደለም።

ከፓምፑ በላይ ያሉትን ክፍሎች ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። ውሃውን ወደ ላይ የሚያመጣው ራይዘር ቧንቧ የፓምፑንም ክብደት ተሸክሞ ይይዛል። በፓምፑ አናት ያለው ቼክ ቫልቭ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋል፤ እርሱ ካለቀ ፓምፑ በጠፋ ቁጥር የራይዘሩ ውሃ በሙሉ ወደ ጉድጓዱ ይወድቅና ፓምፑን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል፣ ጠጠሩንም ይንጠዋል። ይህ ከአሸዋው ችግር ጋር ግንኙነት ሊኖረው ስለሚችል ፓምፑ ሲወጣ ቫልቩን አስፈትሹት። በጉድጓዱ አፍ ላይ ሳራቺኔስካ (የውሃውን መጠን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ)፣ የግፊት መለኪያና ቆጣሪ ይኖራሉ። ግድግዳው ላይ ያለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ደግሞ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ የሙቀት ሪሌይ (ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲጫን የሚያጠፋ) እና የፌዝ መጥፋት መከላከያ ሊኖረው ይገባል፤ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በአንድ ፌዝ መጥፋት ደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላልና የዚህ ዕቃ ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሳራቺኔስካውን ያነሣሁት ዛሬውኑ ልትጠቀሙበት ስለምትችሉ ነው። ከፊል ዝጉት። ሮቶው ላይ የሚገባው ውሃ በደቂቃ 60 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ 1 ሊትር ገደማ እስኪሆን ድረስ አጥብቡት፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ20 ሰከንድ ከሞላ ትክክል ነው። ከዚያ በጣም በታች አታውርዱት፤ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ የሚሆን ፍሰት ያስፈልጋል። በዚህ መጠን ፓምፑ ሳያቋርጥ ለረጅም ሰዓት ይሠራል፣ መነሣትና መጥፋቱ ይቀንሳል፣ አሸዋውም አብሮ ይቀንሳል። 14 አባወራ ውስጥ 75 ሰው ቢኖርና ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ቢታሰብ የሚያስፈልጋችሁ 7,500 ሊትር ነው፤ በሰከንድ 1 ሊትር ይህን በሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ገደማ ያወጣል። ጉድጓዳችሁ በሕመሙ ላይ ሆኖ እንኳ ለግቢው ይበቃል። ለትልቁ ፓምፕ ያሰባችሁት ገንዘብ ሁለተኛ ሮቶ ቢገዛ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚለካው ነገር ይለካ። ፓምፑን ከማታ እስከ ጠዋት አሳርፉትና በዲፕ ሜትር፣ ማለትም ጫፉ ውሃ ሲነካ ድምፅ በሚያሰማ ባለ ሜትር ገመድ፣ የውሃውን ደረጃ አስለኩ። ከ42 ሜትር ብዙ ካልራቀ የከርሰ ምድሩ ውሃ በቦታው አለ፤ የጠበበው የጉድጓዱ በር ነው፣ ይህም ይታከማል። 60 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ ከሆነ ግን የአካባቢው ውሃ ወርዷል። ሳቢያን የከተማው የውሃ አገልግሎት ጉድጓዶች የሚገኙበት አካባቢ ነው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሲሳብ ዙሪያውን የውሃውን ገጽ እንደ እንቅብ ውስጥ ያጎደጉደዋል፣ እንቅቦቹም ሲገናኙ ሁሉም ይወርዳል። ሐረር የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀባት ወዲህ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ከድሬ ጃራ የጉድጓድ መስክ ሽቅብ እየተገፋ የሚመጣ ውሃ እንደምትጠጣ ሳስብ በዚህ ሜዳ ሥር ያለው ውሃ የስንት ሰው አደራ እንደሆነ ይሰማኛል። ደረጃው ወርዶ ከተገኘ መፍትሔው ጉድጓድ ማጥለቅ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያም በውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከመቆፈሩም በፊት የሃይድሮጂኦሎጂ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

በሩ ጠቦ ከተገኘ ሕክምናው የታወቀ ነው። ፓምፑ ይወጣል፤ በካሜራ ስክሪኖቹ ይታያሉ፤ ኖራው በብሩሽ ይፋቃል። ኬሲንጋችሁ ፒቪሲ ስለሆነ ብሩሹ ናይለን እንጂ የብረት ሽቦ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ከዚያ ኖራ የሚያሟሟ አሲድ በመጠኑ ይገባና ውሃው እየተናጠ ይቆያል፤ በመጨረሻም በኮምፕሬሰር ሁሉም ታጥቦ ይወጣል። አሲዱን በራሳችሁ እንዳትሞክሩት አጥብቄ እለምናለሁ። አሲድ ኖራ ሲነካ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ባለ ዝቅተኛ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ግን አይነሣም። ሥራው ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር የጉድጓድ ውሃ አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ተጨምሮ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይና የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ውሃው ይደፋል።

ፓምፑ ሲመለስ ቦታው ይለወጥ። ከስክሪኑ በላይ 69 ሜትር ላይ ቢንጠለጠልና ዳይናሚኩ ወደ 61 ከተመለሰ 8 ሜትር ውሃ ከላዩ ይኖረዋል፤ ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው። ደረጃው እስከዚያ ካልተመለሰ ከ78 እስከ 84 ያለው ድፍን ቱቦ መሐል፣ 81 አካባቢ፣ ሁለተኛው ምርጫ ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ክፍል ሳላነሣ ብቀር ግን ቅር ይለኛል። ወረቀትዎ ላይ ስለ ላይኛው ሲሚንቶ ምንም የለም። በኬሲንጉና በቁፋሮው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች፣ ከተቻለ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ በሲሚንቶ ወይም በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው በሚያብጥ የሸክላ ዓይነት) መታተም አለበት። ካልታተመ የመጸዳጃ ጉድጓድና የሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ በጠጠሩ በኩል እንደ ደረጃ ተራምዶ ወደ ውሃው ይወርዳል። በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ላይ ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱ በውሃ ምርመራዎች ታይቷል፤ ምንጩም በዋናነት የሰው ፍሳሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጨምራል፤ በረኪናም አይነካውም። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በጠርሙስ ወተት የሚመገብ ከሆነ ደሙ ኦክስጅን መሸከም እስኪያቅተው ሊያደርሰው ይችላል። በግቢያችሁ ጨቅላ ካለ የውሃው ምርመራ ከፓምፑ ጉዳይ ይቀድማል።

የጉድጓዱ አፍም እንደዚሁ ነው። ኬሲንጉ ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ዙሪያው ወደ ውጭ በሚያዘቀዝቅ ኮንክሪት ተከብቦ፣ ክዳኑ ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሳይቀር ተደፍኖ መቀመጥ አለበት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በየሰፈሩ አሉና ጠይቃችሁ አፉን ከዚያ በላይ አድርጉት።

በመጨረሻ ፓምፑ ተመልሶ ሲወርድ ከራይዘሩ ጎን ባለ 1 ኢንች ቀጭን ቱቦ እስከ ፓምፑ አናት ድረስ አብሮ እንዲወርድ ውሉ ላይ አስጽፉ። ዲፕ ሜትሩ የሚገባው በእርሱ ነው፤ እርሱ ከሌለ ገመዱ ከኬብሉ ጋር ይጠላለፋል፣ ስለዚህም ማንም አይለካም። በወር አንድ ጊዜ ጠዋት ፓምፑ ሳይነሣ አንድ ቁጥር፣ ለአንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሌላ ቁጥር በደብተር ይያዝ። ሁለተኛው ቁጥር እያደር ሲጨምር ኖራው መጋገር መጀመሩን ገና ውሃ ሳይጎድልባችሁ ታያላችሁ። የዚህን ሳምንት ሁለት ቁጥሮች እንዳገኙ ይጻፉልኝ፤ ፓምፑ ከመለካቱ በፊት ስንት ሰዓት እንዳረፈና ሳራቺኔስካው ምን ያህል ተዘግቶ እንደነበር አብረው ቢጠቅሱልኝ ቀጣዩን እርምጃ ከእነርሱ ተነሥቼ እነግርዎታለሁ።